አንድ ሺህ ዘፈን ጎብዬ ሲገባ

በገበያ ቀን ጎብዬ ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ሱቆች አንዱ ሰው አይጠፋበትም። ስኳር አይሸጥም፣ ዘይትም የለውም። ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ገመዳቸው የተጠላለፈ የካርድ ማንበቢያዎች፣ ደጃፉ ላይ የቆመ ጥቁር ስፒከር እና ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ «ሚሞሪ እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ ነው። ከገጠር ቀበሌ ማሽላ ጭኖ የመጣው ሰው አህያውን ያስርና ይገባል። የስልኩን ክዳን ይከፍታል፣ ባትሪውን ያወጣል፣ ከሥሩ ጥፍር የምታህል ጥቁር ካርድ በጥንቃቄ ፈልቅቆ ያቀብላል።

«ምን ልጫንልዎት አባቴ?»

«የራያ ጭፈራ ይሁን። የድሮ አምባሰልም ካለህ። ለልጆቹ የፈለግኸውን ጨምር።»

«መንዙማስ?»

«እሱንማ ቀድመህ ጫን እንጂ!»

ልጁ ቀና ሳይል ፎልደሮቹን ይከፍታል። የሠርግ፣ የጉማዬ፣ የትግርኛ፣ የሱዳን፣ መንዙማ፣ መዝሙር እያለ ለይቷቸዋል። የራያን ቆላ በአንድ ገጽ ማየት የሚፈልግ ሰው ካርታ ከሚዘረጋ ይልቅ ይህን ኮምፒውተር ቢያይ ይሻለዋል። እስላሙና ክርስቲያኑ፣ አማርኛውና ትግርኛው፣ ሱዳንና ሳዑዲ ደርሶ የተመለሰው ሁሉ እዚህ ፎልደር አለው።

ጎብዬ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከወልድያ ተነስቶ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሰው አለውሃን ተሻግሮ የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ናት። ከእርሻ ጋር ግንኙነት የሌለው አንባቢ ስሟን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። የማሽላ ተመራማሪዎች ግን ያውቋታል፤ አቀንጭራን ከሚቋቋሙት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ የሚጠራው በስሟ ነው። ስለ ሙዚቃ ማጫወቻ ለመጻፍ እዚህ የመጣሁት በሌላ ምክንያት ነው። ዓለም አንድ ጊዜ በጣም ወዶት በኋላ የጣለው አንድ ሐሳብ ጎብዬ ውስጥ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ሐሳቡም ዘፈንህን ሁሉ በኪስህ ይዘህ ዙር፣ ማንንም አትጠይቅ የሚል ነው።

ሐሳቡ ለሕዝብ በሰፊው የቀረበው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 2001፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር። የአፕል ኩባንያ መሪ ስቲቭ ጆብስ ከሱሪው ኪስ አይፖድ የተባለ አንድ ነጭ ዕቃ አውጥቶ አንድ ሺህ ዘፈን እንደሚይዝ ተናገረ። ዋጋው 399 ዶላር ነበር። በጊዜው ምንዛሪ ወደ 3,400 ብር ይመጣል፤ ይህ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የብዙ ወር ደመወዝ ነበር። አይፖድ የመጀመሪያው ግን አልነበረም። በኮምፓክ ኩባንያ የምርምር ክፍል የተነደፈው ፐርሰናል ጁክቦክስ 4.8 ጊጋባይት ይዞ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የክሪኤቲቭ ኩባንያ ኖማድ ጁክቦክስ 6 ጊጋባይት ይዞ መጣ፤ ነገር ግን መጠኑ የሲዲ ማጫወቻ ያህል ነበርና ኪስ አይገባም። የፈረንሳዩ አርኮስም በዚያው ሰሞን የራሱን አቀረበ። አፕልን የለየው ቶሺባ የሠራት የ1.8 ኢንች ሃርድ ዲስክ ናት። ትንሿ ዲስክ ባትኖር ነጩ ዕቃም ኪስ ውስጥ ባልገባ።

«አንድ ሺህ ዘፈን» የተባለው ስሌት ለእኛ አይሠራም። ያንን ቁጥር ያወጡት አንድ ዘፈን አራት ደቂቃ ነው ብለው ነው። በእነሱ አቆጣጠር አራት ደቂቃ ዘፈን ወደ 5 ሜጋባይት ይይዛል፤ አምስት ጊጋባይቱ በአንድ ሺህ ይሞላል። የእኛ ዘፋኝ ደግሞ መግቢያውን ራሱ በአንድ ደቂቃ አይጨርስም። ስድስት ደቂቃ የሚሄድ ትዝታ ከ7 ሜጋባይት በላይ ስለሚወስድ ያው ማጫወቻ ጎብዬ ሲደርስ ወደ 700 ዘፈን ይወርዳል። የሠርግ ጭፈራ ከተጫነበትማ መቼ እንደሚሞላ የሚያውቀው አጨብጫቢው ብቻ ነው።

የማጫወቻው ውስጥ ምን እንደነበረ ላብራራ። መስታወት የሚመስል ክብ ሰሃን አለ፤ በደቂቃ 4,200 ጊዜ ይሽከረከራል። ከላዩ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ ያለች ማንበቢያ ትመላለሳለች። ማንበቢያዋ ሰሃኑን አትነካም። ሰሃኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው የአየር ትራስ ላይ ትንሳፈፋለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በሺህ ጊዜ ያንሳል። ማጫወቻውን ከጆሮ አስጠግቶ የሚያዳምጥ ሰው ዘፈን ሲቀየር እንደ ንብ ያለ ቀጭን እምምታ ይሰማል፤ መዳፍ ላይም ለብ ይላል። ከዚያ ዝም ይላል፤ ምክንያቱም ዘፈኖቹን 32 ሜጋባይት ወደምትይዝ ጊዜያዊ ማኅደር ይገለብጥና ዲስኩን ያስተኛዋል። በዚህ ዘዴ እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ዲስኩ ሳይነሳ ይዘፍናል። ባትሪው አሥር ሰዓት የቆየውም፣ ኮረኮንች ላይ ዘፈኑ ያልተቆራረጠውም በዚህ ነው።

የአየር ትራስ ካልኩ አይቀር መንገዱን ላንሳ። አፕል ከማጫወቻው ጋር ይሰጠው በነበረው መግለጫ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ እንዳይሠራበት ይመክር ነበር። አየር ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፤ ማንበቢያዋ ሰሃኑን ልትነካ ትችላለች። ይህን የጻፉት ሰዎች የአልፕስን ወይም የኮሎራዶን ተራራ አስበው ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎብዬ የሚጓዝ ሰው ግን ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ይወጣል። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ያለበት ያ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አውቶቡሱ ዋሻውን ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲያሽቆለቁል መንገደኛው ሁሉ ጆሮው ይደፈናል። ኪሱ ውስጥ ያለችው ዲስክም በራሷ መንገድ እንዲሁ ሆናለች። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ከሚሴና ኮምቦልቻ ታልፈው እንደገና ደሴ ብርድ አለ፤ ወልድያን አልፎ የራያ ሜዳ ሲደረስ ደግሞ ሙቀት። (ሮቢት ሁለት ነው። የሸዋውን ያየ መንገደኛ ከጎብዬ ቀጥሎ ወደ ቆቦ ሲሄድ ሌላ ሮቢት ሲያገኝ ዞሮ የተመለሰ ይመስለዋል።) መግለጫው የሚፈቅደው የሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ነበር። በግንቦትና በሰኔ የቆቦ ፀሐይ ላይ የቆመ አይሱዙ ዳሽቦርድ 35ን ቁርስ ሳይደርስ ያልፈዋል።

እነዚህ ማጫወቻዎች ወደዚህ አገር ተገዝተው ሳይሆን ተሰጥተው ነው የመጡት። የራያ ልጅ ጅዳም ሪያድም ቤይሩትም ይሠራል፤ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ የሌላ ሰው አሮጌ ዕቃ አይጠፋም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ማጫወቻ ከጅዳ የተመለሰች ጎረቤታችን ይዛው የመጣችው ነጭ ዕቃ ነበር። የአሠሪዎቿ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሰጥቷታል። ከኋላ ያለው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብረት በጭረት ብዛት ደብዝዟል። ውስጡ የሞሐመድ አብዱና የአምር ዲያብ ዘፈኖች ሞልተውበታል። ዓረብኛውን ለምዳው ስለነበር አትጠላውም። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ለእህቷ ሰጥታ፣ አንዱን ራሷ ይዛ፣ በአውራ ጣቷ ክቡን መደወሪያ ቀስ እያደረገች ስታዞር እኛ ልጆቹ ደጃፉ ላይ ተኮልኩለን የምናየው እጇን ነበር።

የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሪቱ ለገሠ ትጨመርላት። የወሎ ሰው ሆኖ፣ ያውም ከስደት ተመልሶ፣ ኪሱ ውስጥ ዓረብኛ ብቻ ይዞ መዞር ሊከብድ ይችላል። ቆቦ ወስዳ ኮምፒውተር ለሚያውቅ ልጅ ሰጠችው። ልጁ ሰካው። አንድ ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ማጫወቻ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የተሳሰረ ነው፣ ያለውን አጥፍቼ በዚህኛው ልተካው ወይ የሚል ነበር። ልጁ «እሺ» የሚለውን ተጫነ። እንኳን እሱ፣ ከእሱ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰውም ይጫናል። ሞሐመድ አብዱም አምር ዲያብም ሄዱ፤ ማሪቱም አልመጣች፤ በኮምፒውተሩ የነበሩት ጥቂት የሙከራ ዘፈኖች ብቻ ገቡበት።

የዚያ ዘመን ብዙ ማጫወቻዎች የተሠሩት አንድ ሰው አንድ የግል ኮምፒውተር አለው፣ ሲዲዎቹን እሱ ላይ ይገለብጣል፣ ማጫወቻው ያንን መዝገብ ይከተላል በሚል ግምት ነው። ጥበቃውም የተሰላው አንዱ የሌላውን ዘፈን በቀላሉ እንዳይገለብጥ ነው። እንደ አርኮስና አይሪቨር ያሉት ኮምፒውተር ላይ እንደ ፍላሽ ይከፈቱ ነበር፤ ጎትተህ ትጥላለህ፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ለጎብዬ ይስማማ ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር የሚታሰረው ነው። ለነገሩ በቀበሌው አንድ ኮምፒውተር በሌለበት አገር «የአንተ ኮምፒውተር የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ዕቃ ከመነሻው ቤቱን ስቷል።

ዘፈኑ ከገባም በኋላ ሌላ ችግር አለ። አይፖድን የመሰለ ማጫወቻ ዘፈን የሚፈልገው በፋይሉ ውስጥ በተጻፈው ስም ነው፤ የዘፋኙ፣ የአልበሙ፣ የዘፈኑ። የእኛ ዘፈን አብዛኛው ከካሴት ተገልብጦ፣ ከሲዲ ተቀድቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር የኖረ በመሆኑ ስሙ ላይ «ትራክ 01» ከሚል በቀር ምንም የለበትም። አንድ ሺህ ዘፈን ይዞ ዝርዝሩን ሲከፍት የሚያገኘው አንድ ዘፋኝ ነው፤ «አንኖውን አርቲስት»። ጥላሁንም አስቴርም ማህሙድም እዚያ ውስጥ ናቸው። ተቆርቋሪ ሰው ተገኝቶ ስሙን ሲጽፍ ደግሞ ፊደሉ የላቲን ነው፤ የፊተኞቹ ማጫወቻዎች ግዕዝ ፊደል አያውቁም፣ ቢጻፍላቸው ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። በላቲን ሲጻፍ ጥላሁን አንዱ ዘንድ በአይ፣ አንዱ ዘንድ በኢ፣ ሌላው ዘንድ ያለ ሁለቱም ይጻፋል። ማጫወቻው ሦስት ሰዎች ናቸው ብሎ በሦስት ቦታ ያስቀምጣቸዋል። አንድ ወዳጄ የጥላሁንን ዘፈኖች በሙሉ ለመስማት ሲፈልግ አራት ጥላሁን እየቀያየረ ማዳመጥ ነበረበት፤ አራተኛው በስህተት ጥላዬ ተብሎ የተጻፈው ነው።

ለሾፌሮች ግን ነገሩ ቀለል ይል ነበር። አሮጌ መኪና ካሴት ማጫወቻ አለው። የካሴት ቅርጽ ያለው፣ ከጎኑ ገመድ የወጣለት ዕቃ ተሠርቶ ነበር፤ ካሴት ይመስል ወደ ቴፑ ይገባል፣ ገመዱ ማጫወቻው ላይ ይሰካል። ቴፑ ካሴት እየበላሁ ነው ብሎ ያስባል፤ የሚዘፍነው ሃርድ ዲስኩ ነው። በኋላ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ፣ ፍላሽ የሚወስድ፣ ድምፁን በኤፍ ኤም ወደ መኪናው ራዲዮ የሚልክ ርካሽ ዕቃ መጣ። አሁን ከወልድያ ቆቦ የሚመላለሱት ሚኒባሶች ውስጥ የምታዩት እሱ ነው። ሁለት ሚኒባስ ጎን ለጎን ሲቆም የአንዱ ዘፈን በሌላው ራዲዮ ይገባል፤ ረዳቶቹ የሚጣሉትም በዚሁ ነው።

ስለ ማይክሮሶፍት ማጫወቻ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ዙን ይባል ነበር፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2008 ጠዋት በመላው ዓለም ባለ 30 ጊጋባይት ዙኖች በብዛት ደርቀው ቀሩ። ዓመቱ 366 ቀን ነበረው፤ የማጫወቻው ሰዓት የተጻፈበት ፕሮግራም ግን 366ኛዋን ቀን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርጋት ጠፍቶት በአንድ ቦታ መዞር ጀመረ። መፍትሔው ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቆ በማግሥቱ ማስነሳት ነበር። ጳጉሜን አንዴ አምስት አንዴ ስድስት ስትሆን እያየ ለለመደ ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ገንቢዎቹ አንድ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ደብተራ ቢያማክሩ ኖሮ ማለቴ አልቀረም።

የእነዚህ ዕቃዎች ሞት ድምፅ አለው። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ማንበቢያዋ ቦታዋን ፈልጋ ስታጣ እየተመለሰች ነው። የጎረቤታችን ዕቃም እንዲሁ አለ። በመዳፍ መታ መታ ተደረገ፤ ዓይኑ በራ፣ ጠፋ። አቧራም ሙቀትም መውደቅም ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ራሱም ዕድሜው ውስን ነው። ጎብዬ ወይም ቆቦ ውስጥ ያንን ዲስክ የሚቀይር ሰው አልነበረም፤ አዲስ አበባም ቢሆን መርካቶ ወጥቶ መለዋወጫ ከመፈለግ የሚቀለው መጣል ነበር።

እሱን የተካው ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማይክሮ ኤስዲ የተባለችው የጥፍር ካርድ ወጣች፤ የሚሽከረከርባት ነገር የለም፣ ጣርማ በርን አትፈራም፣ ከግመል ጀርባ ብትወድቅም ትነሳለች። የቻይና ስልክ ይዟት መጣ። ሁለት ሲም የሚወስድ፣ ስፒከሩ ከአህያ ጩኸት በላይ የሚሰማ፣ ባትሪው ሳምንት የሚቆይ፣ ከላዩ የእጅ ባትሪ ያለው ያ ስልክ፣ ሚሞሪ ካርድ መክተቻ ነበረው። 4 ጊጋባይት ካርድ የመጀመሪያው አይፖድ ከያዘው ብዙም አያንስም። ገበሬው ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተሩ ጎብዬ ገበያ ላይ አለ፣ ከነሠራተኛው።

ለዚህ ነው ያንን ሱቅ የምወደው። አይፖድ የቀየሰውን ሥራ ሁሉ ልጁ በእጁ ይሠራል። «የአንተ ኮምፒውተር የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው። ዘፈን ይመርጣል፤ ደንበኛው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ አይቶ ምን እንደሚወድ ይገምታል። ስም የሌለውን «ትራክ 01» በጆሮው ያውቀዋል። ነሐሴ ሲገባና የልጃገረዶቹ በዓል ሶለል ሲደርስ የጭፈራቸውን ፎልደር ቀድሞ ያወጣል። በጥር የሠርግ ወቅት ደግሞ ሙሽሮቹ ራሳቸው መጥተው «ለሚዜዎቹ የሚሆን» ብለው ያዛሉ። ይህን ሁሉ የሚሠራ ፕሮግራም አሜሪካኖች አሁን በሚሊዮን ዶላር ይሠራሉ።

ነገር ግን ልጁ በሚሞላው ሚሞሪ ከሚያተርፈው ሳንቲም ውስጥ ለዘፋኙ የሚደርሰው ምንም የለም። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላው ገንዘብ ያመጣ ነበር፤ በኋላ ካሴት ሲመጣ ካሴቱም ያመጣ ነበር። ሚሞሪ ያንን ሰንሰለት በጠሰው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ ይህ ዓይነቱ ንግድ በእሱ ዓይን ሕገ ወጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኤልያስ መልካን ጨምሮ ሙዚቀኞች የመሠረቱት አውታር የተባለው የሞባይል መተግበሪያ ዘፈን በሕጋዊ መንገድ ለመሸጥ ሞከረ። ጥሩ ሙከራ ነበር፤ ግን ስማርት ስልክና ኔትወርክ ይጠይቅ ነበር። ሙዚቀኞቹ ቅሬታ ቢያሰሙ እውነት አላቸው። ሚሞሪ ያስሞላው ገበሬም በሌላ በኩል ከሌብነት አይቆጥረውም፤ ዘፈኑን በሕጋዊ መንገድ የሚያገኝበት ቦታ ማን አሳየው? የዚህ ክርክር ፍርድ አዲስ አበባ ውስጥ ይሰጥ፤ እኔ ግን ዘፋኙንና ገበሬውን የሚያገናኝ ቀላል መንገድ ሳይፈጠር ልጁን ማሰር ሥራ አይደለም ባይ ነኝ።

ኔትወርክ ካልኩ፣ እዚህ ያለውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ከርሟል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ተመለሰ። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወደ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። በዚያ ጊዜ ዩቲዩብ ላይ ያለው ዘፈን ሁሉ ጎብዬ ውስጥ አልነበረም። የነበረው ሚሞሪ ላይ ያለው ብቻ ነው። በሶላር ቻርጅ የምትደረግ ስልክ፣ ፍላሽ የምትወስድ ትንሽ ራዲዮ፣ በእነሱ ላይ ያለው ጥቂት መቶ ዘፈን። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዘፈን አይከፍትም፤ መንዙማና መዝሙር ግን ይከፈት ነበር። ዘፈን ከኢንተርኔቱ «ደመና» ላይ ይወርዳል የሚባለው ነገር የሚሠራው ደመናው የአንተ ሲሆን ነው።

በሁለቱ የጦርነት ዙሮች መካከል፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 2022፣ አፕል አይፖድ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። ሃርድ ዲስክ የነበረው አይፖድ ክላሲክ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከገበያ ወጥቶ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ አሁን አሮጌ አይፖድ ገዝተው የሚከፍቱ ወጣቶች አሉ፤ በኢንተርኔት ከሚለቀቀው ዘፈን መሸሽ ፈልገው ነው። ሲከፍቱት ደካማውን ዲስክ ያወጡና በቦታው አስማሚ ይከቱበታል፤ አስማሚው ላይ የሚሰኩት የኤስዲ ካርድ ነው። ይህም ማለት ዞረው ዞረው የጎብዬን ሚሞሪ አይፖድ ውስጥ አስገቡት። ልጁ ይህን ቢሰማ የካርድ ማንበቢያውን እያሳየ ምን አዲስ ነገር አለው ይላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሚሞሪ ውስጥ ያልገባው ነው። ከሚሞሪ በፊት ቴፕ ነበር። ስድስት የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ናሽናል ቴፕ፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ይነቃል። ሠርግ ላይ ቀዩ ቁልፍና ማጫወቻው አንድ ላይ ተጭነው የራያ ጭፈራ ይቀዳ ነበር፤ ከዘፋኙ ድምፅ ይልቅ የእግር ድምፅና እልልታው ይጎላል። ቀረጻው ጥሩ የሆነለት ሰው ከካሴቱ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርስ በቢላ ሰብሮ ሌላ እንዳይቀዳበት ያደርጋል። በኋላ ልጁ መጥቶ ቀዳዳውን በወረቀት ወትፎ የአስቴርን ዘፈን ይቀዳበታል። ጅዳ ላለ ልጅም በካሴት ይላክለት ነበር፤ እናት ትናገራለች፣ ጎረቤት ሰላምታ ይልካል፣ ከዚያ አንድ ሰው ማሲንቆ ይይዛል። እነዚህ ካሴቶች አንድ ቅጂ ብቻ አላቸው። ዩቲዩብ አያውቃቸውም፤ የሚሞሪው ልጅም የሉትም። ከአልጋ ሥር ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ የራያ ሙቀት ቴፑን ያጣብቀዋል፣ አንዳንዱ ዱቄት ይሆናል።

ለማዳን የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። የሚሠራ ቴፕ፣ ሁለት ጫፉ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የሆነ ገመድ፣ ኮምፒውተር እና ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ገመዱን ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ ይሰኩታል፤ ካሴቱን ያስነሳሉ፤ ኮምፒውተሩ ይቀዳል። ካሴቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ይጠምጠም፤ የተጣበቀውን ያላቅቃል፤ በቢክ እስክሪብቶ በእጅ ማዞርም ይቻላል። ፋይሉ ላይ ስም ይጻፍበት፤ የማን ሠርግ፣ የት ቀበሌ፣ ማን ዘፈነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። አዋጁ በታተመ ሥራ እንኳ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ መገልበጥን አይከለክልም፤ የራሳችሁን የሠርግ ካሴትማ ማን ይከለክላችኋል።

ስለዚህ ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ወልድያም ጅዳም ያላችሁ ሁሉ፣ ቤታችሁ ካሴት ካለ በሚቀጥለው ገበያ ሚሞሪ የሚሞላው ልጅ ዘንድ ውሰዱት። ኮምፒውተሩ አለው፣ ጆሮውም አለው፤ ገመዱን ከወልድያ ማስመጣት አያቅተውም። ሒሳቡን ተነጋገሩ። ሲጨርስ ሁለት ቅጂ ይስጣችሁ፣ አንዱን በሚሞሪ ለእናንተ፣ አንዱን በፍላሽ ለሌላ ቤት፤ ካሴቱንም አትጣሉት።